የአያሌው ማተብና የእኔ እልህ

ሰኞ፣ ሐምሌ 7፤ ከቀኑ 11 ሰዓት

ዛሬም ለጀልባው ላሜራ ስንቆርጥ ዋልን። ሥላሴ ነው፤ ሥራ ግን አለ። ዝናቡ ከሐይቁ በኩል ወርክሾፑ ውስጥ ይገባል። ወለሉ ረጥቧል፣ ማሽኑ የኤሌክትሪክ ነው። ለማን ይነገራል? ሳንቃ ረብርቤ ከላዩ ቆምሁ።

ታውቃለህ ደብተሬ፣ የእጅ መቁረጫው ማሽን ኃላፊ እኔ ነኝ። የሠለጠንሁበት እኔ ብቻ። ደንቡን ካርቶን ላይ ጽፌ የሰቀልሁትም እኔ። በሁለት እጅ ያዝ። መነጽር አድርግ። በዲስኩ አቅጣጫ አትቁም። ዲስኩ መዞሩን ሳያቆም አታስቀምጥ። የሚንጠለጠል ነገር ሁሉ ልብስ ውስጥ ይግባ። አምስት መስመር፣ አንባቢ የለውም።

ዛሬ አንባቢ አገኘ። ጓድ ታረቀኝ፣ የመ/ቤታችን ካድሬ። አምስተኛዋን መስመር አንብቦ ፈገግ አለ። በምሳ ሰዓት ሰበሰበንና ማተብ ይፈታ አለ፤ የአድኃሪ ገመድ ነው፣ ደንቡም ይከለክላል ብሎ ወደ ካርቶኔ ጠቆመ። የእኔ ደንብ! እኔ ይግባ አልሁ እንጂ መቼ ይፈታ አልሁ? ይህን ሰው እጠላዋለሁ። ከሰልፍ ቀረህ ብሎ ሁለት ሰዓት አቁሞ ግለ ሂስ ካስደረገኝ ቀን ጀምሮ እጠላዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ጠዋት ሁሉም ማተቡን ከሸሚዙ በላይ አውጥቶ መጣ። ቀዳሚው አያሌው። አሥራ አንድ ዓመት አጠገቤ የሠራ፣ የመሪጌታ ልጅ፣ ግትር። የእሱ ማተብ ክር አይደለም፤ የቆዳ ጠፍር ነው፣ የብር መስቀል አለው።

አስገባው ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። ጓ/ ታረቀኝ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ እኔ ደስ አለኝ። ምሳ ላይ ብሩሽ አንሥቼ አምስተኛዋን መስመር በጥቁር ቀለም ደለዝኋት። ከእንግዲህ የእኔን ደንብ እየጠቀሰ አይናገርም። አያሌው አይቶ ሳቀ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11



ረፋድ ላይ አያሌው የጀልባውን ጠርዝ ይቆርጣል። ጎንበስ ብሎ። ጠፍሩ ተንጠልጥሏል፣ መስቀሉ ወዲያ ወዲህ ይላል። አያለሁ። በሩ ላይ ታረቀኝ ቆሟል፤ እሱ ፊት አስገባ አልልም አልሁ በሆዴ። ዲስኩ ጠፍሩን ያዘ። ማሽኑ ወደ አንገቱ ዘለለ። በግራ እጁ ገፋው። ሶኬቱን ነቀልሁ፣ ምን ዋጋ አለው። ሁለት ጣቶቹ የሉም። ተሸክሜ ሆስፒታል አደረስሁት። አገጩ ሥር ተሰፋ። ሐኪሙ ይተርፋል አለ።

በሁሉም ተናድጃለሁ። በታረቀኝ፣ በአያሌው፣ በዝናቡ። በራሴ ላይ ገና አልደረስሁም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ሆስፒታል ሄድሁ። አያሌው ተኝቷል። አባቱ መሪጌታ ከዘጌ በጀልባ መጥተው ከራስጌው ተቀምጠዋል። ተነሥተው ተቀበሉኝ። ይሄ ነው የገደለኝ።

«የዚህ ነገር አዋቂ አንተ ነህ አሉኝ ልጄ። ማተቡ ውጭ መሆኑን አይተኸው ነበር?»

«አላየሁም አባቴ።»

አመኑኝ። ደሙ ፈስሶ ሳያልቅ አድርሰህልኛልና እግዜር ይስጥልኝ ብለው መረቁኝ። ምርቃቱን ተቀብዬ ወጣሁ። ውሻ ነኝ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16፤ ከቀኑ 12 ሰዓት

ጓ/ ታረቀኝ ወረቀት ሰጠኝ። አደጋው የደረሰው ሠራተኛው ደንብ ጥሶ ማተብ አልፈታም በማለቱ ነው ይላል። ነገ ከሰዓት በኋላ በስብሰባ ይነበባል፤ የማሽኑ ኃላፊ ስለሆንሁ የምፈርመው እኔ። ከፈረምሁ አያሌው ከሥራ ይባረራል፣ የጉዳት አበልም የለውም። በሦስት ጣት ማን ይቀጥረዋል? አራት ልጆች አሉት።

ካልፈረምሁስ? ደንቡን የደለዝሁ እኔ መሆኔን መናገር አለብኝ። አሻጥር ይሉታል። በዚህች ቃል ሄደው ያልተመለሱ አውቃለሁ።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ። የእኔ እልህ ምላጩን ያስዋጠው ሌላ ሰው ነው። ታረቀኝን ለማናደድ ብዬ የሰው እጅ አስበላሁ። እሱ ማተቡን ሊያስፈታ ፈለገ፣ እኔ ማተቡን ባንዲራ አደረግሁት። ስለ አያሌው አንገት ከሁለታችን ያሰበ የለም።

አልፈርምም። ነገ በስብሰባው ተነሥቼ የደለዝሁት እኔ ነኝ፣ እያየሁም ዝም አልሁ እላለሁ። ከዚያ በፊት ግን በጠዋት ሆስፒታል እሄዳለሁ። ታረቀኝ ከመሪጌታ ቀድሞ ሊሰማ አይገባም። ዋሽቼዎታለሁ አባቴ እላለሁ። ምርቃታቸውን ይውሰዱ።

ለባለቤቴ እንዴት እንደምነግራት አላውቅም። እስር ቤት ስንቅ የሚገባው ከቤት ነው። አሁን ጠርቼ፣ ክዳን ያለው የምሳ ዕቃ አለን ወይ አልኋት።

ለማን ነው አለችኝ።