ዘበኛ አስከትላ የመጣች ነርስ

ልጄ ሆይ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኔ ጉልበቴ አስቸገረኝ እንጂ ደህና ነኝ። የምናገረውን የሚጽፈው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው።

የክትባቷ ነርስ ድሮ ቁጭ ብላ ስታጫውተን ልጆቻችንን በእጃችን እናቀብላት ነበር። ዘንድሮ ግን ዘበኞች አስከትላ መጣች። የሚስትህን እጅ ጠምዝዘው ልጅህን ሊነጥቋት ሲሉ በከዘራዬ አባረርኳቸው። ሰፈሩም እኔን አይቶ በሩን ዘጋባቸው።

ኩፍኝ ገብቷል ይላሉ። ትናንት ነርሷ ብቻዋን መጥታ «አባባ፣ አጥፍቻለሁ፤ ልጅቷን ልያት» ብትለኝ «ዘበኞችሽ የት አሉ?» ብዬ መለስኳት።

ልጅህ ደህና ናት። ትንሽ ያተኩሳታል፣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ጡትም እንቢ ብላለች። ሚስትህ አታናግረኝም። ልብስ ሰፊው «ነርሷን ልጥራት?» ይለኛል፤ ዝም ብለህ ጻፍ አልኩት።

ሳትውል ሳታድር ና። ናፍቀኸኝ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለም።

አባትህ