የአባባ ዝምታ በችሎት

ለናፈቅሽኝ እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ ምላሳችንማ ከእኛም በላይ ደህና ነው። በቅድሚያ፣ ይህን የምጽፍልሽ ከአባባ ጠረጴዛ በሰረቅሁት የጥብቅና ወረቀት ላይ መሆኑን እኔ ኃጢአተኛው ወንድምሽ በትሕትና እናዘዛለሁ።

ዛሬ ችሎት ገብቼ አባባ ለአንድ ተከሳሽ ሲከራከር አየሁት። ዐቃቤ ሕጉ እንደ ደላላ ሲለፈልፍ ቆየ። አባባ ደግሞ ያችን ያረጀች ዘዴውን አወጣ፤ መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ ዝም አለ። «ዳኛ የሚረታው በዝምታ ነው» ይል የለ? ዝምታው ረዘመ። ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ፤ የተከሳሹ እናት አለቀሱ፤ አጠገቤ የተቀመጠው የአባባ ረዳትም «ወይ ጥበብ! ተማር አንተ!» አለኝ። አዳራሽ ሙሉ ቂል! እኔ የጠፋበትን የተከሳሹን ስም ለአባባ ከሩቅ በከንፈሬ እየነገርኩት ነበር።

በይ ሰላም ሰንብቺ፤ ፈቃድ ካገኘሽ ቶሎ ነይ፣ እንዲያው ለሳቅ ነው። ውይ፣ አባባ በሩ ላይ ቆሟል። ያንቺን ስም እየጠራ፣ «ወረቀቴን ዛሬም ሰረቅሽ?» እያለኝ ነው።