ኑዛዜ ሰምተው ሳይፈቱ ለሰደዱ ክቡር ፈታኝ

አትላንታ፣ ጥቅምት 1981 ዓ.ም. (በእርስዎ አቆጣጠር 1988)

ለክቡር የዜግነት ፈታኝ፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮት ያለው ቢሮ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ ቀኑን ሙሉ ማኅተም ሲመታ የሚውለው ቀኝ እጅዎ ሁሉ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደክሞኛል እንጂ።

በአገራችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላልና ይህን ጽሑፍ እንደ ክስ እንዳይቆጥሩብኝ፤ ምስጋና ነው። በአማርኛ ጽፌ በማኅበራችን መጽሔት ላይ ማውጣቴም እርስዎን ለመናቅ አይደለም። ሰው በሚያስቸግረው ቋንቋ ሲጠየቅ ማንነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል ብለው የሚያምኑ ሰው ስለሆኑ፣ በራስዎ እምነት ላስተናግድዎ ብዬ ነው። ደግሞም ወይዘሮ አፀደ በሚመጣው ሳምንት እንደገና ፊትዎ ስለሚቀርቡ፣ ከዚያ በፊት ባያነቡት ይሻለናል።

ዳኛቸው ገሠሠ እባላለሁ። ኮሌጅ ፓርክ ካለ አንድ ሆቴል እስከ አውሮፕላን ማረፊያው እንግዳ የማመላልስ የቫን ሾፌር ነኝ። ወይዘሮ አፀደ ሊቶኒያ በምትባለው ሰፈር ጎረቤቴ ናቸው፤ ባለፈው ሚያዝያ ፈትነው የጣሏቸው፣ ነጭ ነጠላ ለብሰው የመጡት ሴትዮ። ልጃቸው ሉሊት ከባሏና ከሕፃኗ ጋር ካርቱም ናት። ባል ያገባች ልጅ ለማስመጣት እናት የግድ ዜጋ መሆን አለባት ስለተባልን፣ እናትየዋ ዜጋ ሊሆኑ እርስዎ ዘንድ መጡ። የመጡበት ጉዳይ ይኸው ብቻ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ለጠዋት ቀጥረውን ከምሳ በኋላ ስለጠሩን አመሰግናለሁ። ወይዘሮ አፀደ በዚያ ጊዜ ውስጥ ስለ ምክር ቤቱም ስለ ፍርድ ቤቱም ያጠኑትን በሙሉ ለሦስተኛ ጊዜ ከለሱት። እኔም የሥራ ባልደረባዬ ተገኝ ምን ያህል ታጋሽ እንደሆነ ለማወቅ ቻልኩ። ከአዳራሹ ስልክ ብደውልለት፣ «ስማ ዳኛቸው፣ ሺፍትህን ከቨር ማድረግ እኮ ሰለቸኝ፤ ሲቲዝን የሚሆኑት እሳቸው ናቸው ወይስ አንተ?» ብሎ ዘጋብኝ።

ሁለተኛ፣ የጽሕፈት ፈተናውን ስለመረጡበት ጥበብ። «ዛሬ ፀሐይ ናት» ብለው ይጻፉ አሏቸው። ከመስኮትዎ ውጪ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርድ ነበር። ወይዘሮ አፀደ ደግሞ ገና እንደገቡ እጃቸውን አንሥተው እውነቱን ብቻ እናገራለሁ ብለው የማሉ ሴት ናቸው። መስኮቱን አዩ፣ እርስዎን አዩ፣ ከዚያም ፊደል ሳይገድፉ «ዛሬ ዝናብ ነው» ብለው ጻፉ። እርስዎ ግን እንግሊዝኛው አልገባቸውም ብለው ሰረዙት። ሌላ ዓረፍተ ነገር ሰጥተው ስላሳለፏቸው ግን ውለታዎን አንክድም። በዚያን ጊዜ ማን ፊትዎ እንደተቀመጠ ሊገባዎ ይችል ነበር፤ አልገባዎትም፣ ምንም አይደል።

ሦስተኛው ዋናው ነው። መልካም ጠባይ ያለዎት ሰው ነዎት ወይ ብለው ጠየቋቸው። ክቡር ሆይ፣ ሰንደቅ ዓላማው ላይ ያሉትን መስመሮች ሳይቀር ያስጠናኋቸው እኔ ስሆን፣ ይህ ጥያቄ መልስ የሚጠናለት መሆኑ ግን በሕልሜም አልመጣልኝም። በእኛ ዘንድ አንድ ሰው ተነሥቶ «አዎ፣ እኔ መልካም ሰው ነኝ» ካለ ጎረቤት በሩን መቀርቀር ይጀምራል። ስለ መልካምነትህ ሌላው ይመሰክርልሃል እንጂ አንተ አፍህን ሞልተህ አትናገርም፤ ያውም በእግዚአብሔር ስም ምለህ። ስለዚህ ወይዘሮ አፀደ አንገታቸውን ደፋ አድርገው፣ እንከን በሌለው እንግሊዝኛ፣ «የለም ጌታዬ፤ እኔ ኃጢአተኛ ነኝ» አሉ።

እርስዎም ብዕርዎን አነሡና ምን እንዳጠፉ ጠየቋቸው። እሳቸው ኃጢአት የሚጠይቅ ሰው ሁሉ የሚፈታ ይመስላቸዋልና ተናዘዙ። በሁዳዴ የዶሮ ሾርባ መቅመሳቸውን ነገሩዎት፤ በሚሠሩበት የአረጋውያን መጦሪያ ያለች አንዲት አሮጊት እሳቸው ካልቀመሱላት አልበላም ስላለች ነው፣ ይህን ግን ሰበብ እንዳይመስልባቸው አልነገሩዎትም። አማቻቸውን በስልክ መቆጣታቸውን፣ በሥራ ምክንያት ከቅዳሴ መቅረታቸውን፣ ሰው ማማታቸውንም አልደበቁም። እርስዎ ሁሉንም ጻፉ። እሳቸውም ሲጨርሱ ጎንበስ ብለው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» እስኪሏቸው ጠበቁ። እርስዎ ግን «በራስዎ አንደበት መልካም ጠባይ እንደሌለዎት አምነዋል፣ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ይቅረቡ» ብለው አሰናበቷቸው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ማለት ይህ ነው መሰለኝ። እኔ ከብዙ ቄስ ጋር ኖሬአለሁ፤ ኑዛዜ ሰምቶ፣ መዝግቦ፣ ሳይፈታ የሰደደ ግን ከእርስዎ በቀር አላየሁም።

ጠባያቸውን ማወቅ ከፈለጉ እኮ እኛን ቢጠይቁ ይበቃ ነበር። በዚያ መጦሪያ ዘመድ የሌለው ሽማግሌ ሲሞት፣ ወይዘሮ አፀደ ፈቃድ ጠይቀው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቀብር ይሄዳሉ። አስተዳዳሪዋ አንድ ቀን ዘመድ ነሽ ወይ ብትላቸው፣ ሰው እንዴት ያለ ቀባሪ ይሄዳል ብለው መልሰው ጠየቋት። የማያውቋቸውን የእርስዎን አገር ሰዎች፣ ከቀባሪው ሠራተኛ ጋር ሆነው፣ አልቅሰው ይቀብራሉ። ይህን ሳስብ እናደዳለሁ፤ ከመናደዱ ይልቅ ግን ድካሙ ይብስብኛል።

ስለ ስድስቱ ወር ደግሞ ልንገርዎ። ነሐሴ ላይ ካርቱምን ጎርፍ መታት፤ እነ ሉሊት የተከራዩት የጭቃ ቤት ፈረሰ። አሁን ሦስቱም ሰው ቤት በረንዳ ላይ ያድራሉ፤ ሕፃኑ ወባ ይዞት ተነሥቷል፣ እንደገና ይዞታል። እናትየዋ ሚያዝያ ላይ «አዎ» ብለው ቢሆን ኖሮ ማመልከቻው ይኼኔ መንገድ በጀመረ ነበር። ይህን የሚያውቁት እሳቸው ናቸውና ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም።

በመጨረሻ ዋሽንግተን ያሉትን ነፍስ አባታቸውን በስልክ አማከሩ። አባም «ለልጅሽ ስትዪ አዎ በዪ፤ ንስሐውን እኔ እሰጥሻለሁ» አሏቸው። ንስሐውም ስግደት ነው። ወይዘሮ አፀደ ግን ዕዳ ይዞ መማል አይሆንላቸውምና ውሸቱን ገና ሳይናገሩት ስግደቱን ጀምረዋል። ቀኑን ሙሉ አረጋውያን ሲያነሡና ሲያስተኙ የሚውል ጉልበት፣ ማታ ማታ ደግሞ ለእርስዎ ጥያቄ ይሰግዳል። ተይ ብላቸው «ዝም በል፣ ሉሊት ትምጣልኝ» ይሉኛል።

ክቡር ሆይ፣ በሚመጣው ሳምንት ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ትንሽ እያነከሱ ይገባሉ። ቀኝ እጃቸውን ያነሣሉ፤ መልካም ሰው ነዎት ወይ ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ከወለሉ ሳያነሡ «አዎ» ይላሉ። በዚህ አገር በመሐላ የሚናገሩት የመጀመሪያው ውሸት እሱ ይሆናል። እርስዎም ደስ ብሎዎት ያሳልፏቸዋል።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ መስኮትዎና ስለ ብዕርዎ እጅ እየነሣሁ፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ወንበርዎ እንዳይቆረቁርዎ የምመኝልዎ፣

ለመፈተን ገና ወረፋ ላይ ያለሁት፣
ዳኛቸው ገሠሠ፣ የቫን ሾፌር

የተረሳ ነገር፦ ይህን ደብዳቤ አንድ ቀን አስተርጉመው ቢያነቡት አንዲት ጥያቄ ልጠይቅዎ። እርስዎ መልካም ጠባይ ያለዎት ሰው ነዎት? ሳያስቡ «አዎ» ካሉ፣ በእኛ በኩል ወድቀዋል። አይዘኑ፤ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና መቅረብ ይቻላል።