ቤቴ ውስጥ ለተቆለፉት ስድስት መቶ አሥራ ሁለት የከብት ስሞች ፈቃድ ስለመጠየቅ

ሚያዝያ 12 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለክቡር የሥርዓት አስተዳዳሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ አላህ ጤናዎንና ዕድሜዎን ይጠብቅልን፤ ሥራዎንም ያቅልልዎ። እኛ የከሚሴ ሰዎች አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነው ኮምፒውተሬ ብቻ ነው።

ስምዎንም ሆነ አድራሻዎን ባለማወቄ በጋዜጣ ስጽፍልዎ እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። እርስዎን እንዳነጋግር ያዘዘኝ ኮምፒውተሬ ነው። ጥር ወር ላይ መብራት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ፣ አንድ ፋይል ለመክፈት በሞከርሁ ቁጥር ግራጫ ሳጥን ብቅ ይልና በእንግሊዝኛ ያነጋግረኛል። እንግሊዝኛ አስተማሪ የሆነችው ልጄ ፋይዛ መልእክቱን እንዲህ ተርጉማልኛለች፦ «ይህን ፋይል ለመክፈት ፈቃድ የለዎትም። የሥርዓት አስተዳዳሪዎን ያነጋግሩ።»

ፋይሉ ምን እንደያዘ ባያውቁ አልፈርድብዎትም። ሼህ እንድሪስ የሚባሉ አዛውንት በሰንበቴ ገበያ ሃምሳ ዓመት በከብት ድለላ ሲሠሩ፣ ከአፋር ቆላ የሚመጣውን አርቢና ከደጋ የሚወርደውን ገበሬ ሲያስማሙ ኖረዋል። በእሳቸው ሙያ በሬ «ቀይ» ብቻ ተብሎ አይሸጥም። ወደ ግራጫ ያደላው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ጣል ያለበት፣ ሆዱ ሥር ብቻ የጠቆረው፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የተቀለሰው፣ ሁሉም በአማርኛና በኦሮምኛ የየራሱ ስም አለው። እሳቸው እየተናገሩ እኔ እየጻፍሁ፣ በሦስት ዓመት ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ስሞች ሰበሰብን። የመጨረሻውን ያስያዙኝ ዕለት «አንተ ሙሀመድኑር፣ ካሁን በኋላ ማሽንህ ይሸከመው፤ እኔስ ደከመኝ» አሉኝ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። እንዳሉትም ሸክሙን አውርደው መርሳት ጀመሩ።

ቅጂ ለምን አላስቀረህም ለሚሉኝ፣ አስቀርቻለሁ። ቅጂው እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ፣ ከዋናው ጎን ተቀምጧል።

እንግዲህ አቤቱታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1ኛ. ሳጥንዎ ለመልስ የሰጠኝ አንድ ቁልፍ ብቻ ሲሆን፣ ትርጉሙም «እሺ» ነው። አጠገቡ «እምቢ» ወይም «ለምን?» የሚል የለም። ፈቃድ እንደሌለኝ ይነገረኛል፤ እሺ እላለሁ፤ ሳጥኑ ይጠፋል፤ ፋይሉን ስነካው ተመልሶ ይመጣል። በሦስት ወር ውስጥ ለልጆቼ እናት በሠላሳ ዓመት ካልኋት የበለጠ እሺ ለእርስዎ ብያለሁ። ባለጉዳይን በአንድ ቁልፍ ማስተናገድ ጊዜ የሚቆጥብ አሠራር ስለሆነ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

2ኛ. ያለ ጥረት አስቸገረኝ እንዳይሉ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አብርቻለሁ፣ ሶኬት ቀይሬያለሁ፣ ክዳኑን ከፍቼ አቧራውን በአፌ እፍ ብያለሁ። በመጨረሻ በፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር የሚጠግነው በድሩ መጥቶ ሲመረምር፣ ማሽኑ ከተዘጋ ፕሮጀክት በጨረታ የገዛሁት በመሆኑ የቀድሞ አዛዡ ማለትም እርስዎ የይለፍ ቃልዎን ይዘው እንደሄዱ ነገረኝ። «ጋሼ አብሽሩ፣ ፎርማት እናድርገውና እንደ አዲስ ይሆናል» አለኝ። የከብቶቹ ስሞችስ ብዬ ስጠይቀው፣ «እነሱ ይሄዳሉ፤ ግን መልእክቱም አብሮ ይሄዳል» ሲል አጽናናኝ። ከበሽተኛው ጋር በሽታውን የሚያጠፋ መድኃኒት ስላልፈለግሁ ሸኘሁት።

3ኛ. ፋይዛ «አባዬ፣ ይሄኛው ሌላ አስተዳዳሪ ነው» ብላኝ ነበር። ይሁን እንጂ አስተዳዳሪህን አነጋግር የተባለ የአገሬ ሰው የሚያውቀው መንገድ አንድ ነው፤ ማመልከቻ ይጽፋል፣ ይሰለፋል። ስሙን ልተወውና፣ በሩ ላይ «አስተዳዳሪ» የሚል የተለጠፈበት አንድ ቢሮ ሄድሁ። ጸሐፊዋ ማመልከቻዬን አንብባ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ ሥርዓቱ ችግር አለበት ነው የሚሉት?»

እኔ አላልኩም፣ ያለው ኮምፒውተሩ ነው አልኋት።

«ኮምፒውተሩስ የማን ነው?»

የእኔ መሆኑን አልካድሁም።

«ታዲያ ወላሂ፣ ለምን ዝም አያሰኙትም?»

ኃላፊው ግን ደግ ሰው ሆነው አገኘኋቸው። «የሥርዓት ችግር» የሚለውን በቀይ ብዕር ሰርዘው «የመልካም አስተዳደር ችግር» ብለው ተኩልኝ፤ ለዚህኛው ቅጽ አለው። ቀጥሎ የተጠየቅሁት ዋናውን መልእክት ነበር። ፋይዛ በእጅ የገለበጠችውን ሳቀርብ፣ የስሕተት ቁጥር እንጂ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ስለሌለው ከእርስዎ ስለመውጣቱ ማረጋገጫ የለም ተብሎ ተመለሰ። በነገራችን ላይ ይህን በእርስዎ ላይ የቀረበ ተገቢ ትችት አድርጌ እወስደዋለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላም ጉዳዩ ከብትን የሚመለከት ሆኖ በመገኘቱ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ተመራ። ባለሙያው ቤቴ ድረስ በሞተር ብስክሌት መጥተው ስድስት መቶ አሥራ ሁለቱም መከተባቸውን ጠየቁኝ። አለመከተባቸውን ሰምተው በጣም አዘኑ።

4ኛ. ከዚህ በላይ አቤቱታ የለኝም፤ ጥያቄ ግን አለኝ። ይህን ፋይል እርስዎ አልጻፉትም፣ አላነበቡትም፣ መኖሩንም አያውቁም። የሰንበቴ ከብት ሆዱ ሥር ቢጠቁርም ባይጠቁርም ለእርስዎ የሚጎድል ነገር አይኖርም። ባለቤቱን ከገዛ ሥራው የሚከለክል፣ ራሱም የማይጠቀምበት ሥልጣን ለምን እንደሚያስፈልግ ያስረዱኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ። ለማስረዳት ጊዜ ከሌለዎት፣ ያቺን አንዲት የይለፍ ቃል ቢልኩልኝ ማብራሪያውን እተወዋለሁ። የእርስዎ አንድ ቃል የእኛን ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ይፈታል።

እስከዚያው የማይታየው ወንበርዎ እንዲጸና፣ የማይሰማው ድምፅዎ እንዲከበር፣ ሥልጣንዎም ከእኔ ጠረጴዛ አልፎ ወደ ጎረቤቶቼ እንዳይሰፋ እየተመኘሁ፣ ከፍ ባለ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የኮምፒውተሩ ባለቤት ነኝ ብዬ የማምነው፣
ሙሀመድኑር ጣሃ
ከሚሴ

ግልባጭ፦
ለሼህ እንድሪስ (በቃል ይነበብላቸዋል)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሼህ እንድሪስ ስለ እርስዎ ስነግራቸው «የማን ልጅ ነው? አባቱን ካወቅሁት እኔው ሄጄ እሸመግለዋለሁ» ብለዋልና የአባትዎን ስም ቢልኩልን እንወዳለን፤ ቢፈጥኑ ደግሞ ይሻላል። ባለፈው የገበያ ቀን አንድ አርቢ ያመጣውን በሬ ከፊትም ከኋላም ዞረው ሲያዩ ቆዩ፤ ሻጭም ገዢም ስሙን ከእሳቸው አፍ ይጠብቁ ነበር። በመጨረሻ «በሬ ነው» አሉ። እኔም ለመክፈት የማንንም ፈቃድ የማይጠይቅ ደብተር ገዝቼ ይዤ ስለነበር፣ ተራ ቁጥር አንድ ላይ ያንኑ ጻፍሁ።