እጄን የት ላድርገው

ሐሙስ፣ መጋቢት 11 ቀን
ልጆቹ ምሳ በልተው እንደተኙ

ለታናሽዬ፣ ለእህቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያ አልለቅ ያለሽ ሳል? በስልክ ስጠይቅሽ ሁሌ «ደህና ነኝ» ስለምትይ በደብዳቤ ደግሜ እጠይቅሻለሁ። ደብዳቤ ላይ መዋሸት ይከብዳል። ይህን ለራሴም ነው የምለው፤ አንብበሽ ስትጨርሺ ይገባሻል።

«በስልክ አትነግሪኝም ነበር?» እንደምትይ አውቃለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ነበር። ልጅሽ መሃላችን ትገባና ስክሪኑን በምራቋ እስኪጨማለቅ ትስመዋለች፤ አንቺም ከዚያ ማዶ ትስሚያታለሽ፤ እኔም የጀመርኩትን ውጬ «በይ ካርዴ ሊያልቅ ነው» ብዬ እዘጋለሁ። ካርዴ አላለቀም ነበር።

ጽሑፌ ሲንቀጠቀጥ አርጅታ ነው እንዳትይ። ከማዕከላችን የእንቅልፍ ክፍል ጥግ፣ የልጆች ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተቀምጫለሁ። በእጄ እጽፋለሁ፣ በግራ እግሬ የጨርቁን ዥዋዥዌ እገፋለሁ። ዥዋዥዌው ውስጥ እሜቴ አለች። እሜቴ ያልናት ሦስት ዓመት የሆናት ልጅ ናት፤ ሰው ከነካት ትጮሃለች፣ ፍራሽ ላይ ካስተኟት ሰፈሩን ትቀሰቅሳለች። ጨርቁ ጥብቅ አድርጎ ይዟት ቀስ እያለ ሲወዛወዝ ግን ዓይኗ ክድን ይላል። እግሬን ካቆምኩ ትነቃለች፤ ስለዚህ ታገሺኝ።

መጋረጃው ቢጫ ነው። በዚህ ሰዓት ፀሐይ ሲያርፍበት ክፍሉ ሁሉ ቢጫ ይሆናል፤ ፍራሾቹ፣ በር ላይ የተደረደሩት ትንንሽ ጫማዎች፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉት የእግር ድጋፎች። ዘጠኝ ልጅ ይተነፍሳል። ነቅቼ ይሁን ተኝቼ የማይለይልኝ ጊዜ አለ። ትናንት ጨፈን ሳደርግ አንቺና እኔ ልጆች ሆነን፣ የእናታችንን ትልቁን ካፖርት አንድ ላይ ለብሰን፣ አንዱ እጅጌ ውስጥ አንቺ፣ በሌላው እኔ፣ ቁልፉን ማን ይቆልፈው እያልን ስንንከተከት አየሁ። ብንን ስል እግሬ አሁንም እየገፋ ነው።

ልጅሽ፣ ድንቢጣችን፣ ሦስተኛው ፍራሽ ላይ ናት። ከተወለደች ጀምሮ ጭብጥ ያለችው ያቺ ቀኝ እጇ እንቅልፍ ሲወስዳት ትፈታለች። አምስቱም ጣቶቿ ተዘርግተው አንሶላው ላይ ይተኛሉ። ልትነቃ ስትል መልሰው አንድ በአንድ ይታጠፋሉ። ይቺን ነገር በየቀኑ አያታለሁ፤ አልጠገብኳትም።

እናታችን ሥራዬ ሳይገባት ነው የሞተችው። «ኮሌጅ ገብተሽ የተማርሽው ባቄላ ውስጥ የልብስ ቁልፍ ደብቆ ሕፃን ማስፈለግ ነው?» ትለኝ ነበር። አዎ፣ እሱኑ ነው! ሰው ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ሲባል ትልቅ ነገር ይመስለዋል። እኛ ማንኪያ በጨርቅ ጠቅልለን እናወፍራለን፣ ወንበር በልጁ ልክ እንቆርጣለን፣ አካሏ አልታዘዝ ላላት ልጅ ካልሲዋን የምትስብበትን መላ እንፈልጋለን። ትንሽ ሥራ ናት። ግን ልጅቷ ካልሲዋን በራሷ ስታጠልቅ ፊቷን ብታይው ትንሽ ነው አትይም።

ካፖርት መቆለፍን የምናስተምረው ከመጨረሻው ጀምረን ነው። ቁልፉን እኔ ግማሽ ድረስ በቀዳዳው አሳልፈዋለሁ፤ እሷ ስባ ታወጣዋለች። ያለቀው በእሷ እጅ ነውና ደስታውም የእሷ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እኔ ትንሽ ቀደም ብዬ አቆማለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ትንሽ ቀደም ብዬ። በመጨረሻ ከእኔ የሚቀረው ከክርኗ ሥር ያለው እጄ ብቻ ነው። አይገፋ፣ አይስብ፤ «አለሁ» ለማለት ያህል የተቀመጠ። እሱንም አንድ ቀን ማንሳት ነው። ለእናቶቹ ይህን ሳስረዳ መስማት ነበረብሽ! «እናንተ እጃችሁን ስለማታነሱ ነው ልጁ የማይችለው» እያልኩ አፌን ሞልቼ እቆጣለሁ። እነሱም አንገታቸውን ይደፋሉ።

ዙሪያውን መዞር አበዛሁ አይደል? በይ እሺ፣ ልግባበት።

ባለፈው ዓመት በዚሁ ጊዜ ቅጽ ላክሽልኝ። አንቺ ካለሽበት ከተማ ከአንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት የመጣ፣ ልጅቷን የያዘች ቴራፒስት የምትሞላው። በራሷ ትበላለች? መጸዳጃ ቤት ስትፈልግ ትናገራለች? ካፖርቷን ለብሳ ትቆልፋለች? ለእያንዳንዱ ሦስት ሳጥን፦ «በራሷ»፣ «በእርዳታ»፣ «አትችልም»። እዚያ አንዲት አስተማሪ ለሃያ ልጅ ስለሆነች ሦስቱም «በራሷ» ካልሆነ አይቀበሉም፤ እነሱ ካልተቀበሏት ደግሞ ሥራ ስውል የሚይዝልኝ ስለሌለ ላመጣት አልችልም ብለሽኝ ነበር። እኔም መብሉን በራሷ፣ መጸዳጃውን በራሷ አልኩና ካፖርቱ ላይ «በእርዳታ» ብዬ ምልክት አደረግኩ። ትምህርት ቤቱ ለሚቀጥለው ዓመት ትሞክር አለ። ስነግርሽ ሁለቴ አስደገምሽኝ። ከዚያ «እሺ እትዬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አልሽ። የገዛሽላት አልጋ ከነፕላስቲኩ እንደቆመ ፎቶውን ልከሽልኝ ነበር፤ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ።

ውሸት አልጻፍኩም። እጄ ከክርኗ ሥር ነበር፤ እጄ እስካለ ድረስ ደግሞ «በእርዳታ» ነው። ግን እጄን አንስቼ አይቼ አላውቅም። አንድም ቀን! ሌላ ልጅ ብትሆን በሦስተኛው ሳምንት አነሳው ነበር። እሷ ላይ ስደርስ «ትንሽ ትጠንክር»፣ «ብርዱ ይለፍ»፣ «ጉንፋኑ ይሻላት» እያልኩ ዓመት ሞላኝ። ከእኔ ጋር የምትሠራው ፊዚዮቴራፒስት አንዴ አይታ አይታ «ለመሆኑ የሚማረው የእሷ እጅ ነው ያንቺ?» አለችኝ። «አንቺ እግሩን ያዢ፣ እጁን ለኔ ተዪልኝ» ብዬ ኩም አደረግኳት። ቆሽቴ አርሮ ዋለ። ነገር የሚያሳርረው ደግሞ እውነት ሲሆን ነው።

የዘንድሮው ቅጽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንቱ ነው። አልደረሰኝም እንዳላልኩሽ አስታውሺልኝ፤ «አየዋለሁ» ነው ያልኩሽ። ከወፍራሞቹ ማንኪያዎች ሥር መሳቢያ ውስጥ ከትቼው ነበር። ምዝገባው በወሩ መጨረሻ እንደሚዘጋ አውቃለሁ።

እንግዲህ ሰኞ ነው። ወደ ቤት ልንሄድ ካፖርቷን አልብሻት፣ የአንድ ልጅ እናት መጣችብኝና ኮሪደር ወጣሁ። ስመለስ በሩን ከመክፈቴ በፊት በሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት ወደ ውስጥ አየሁ። ድንቢጥ ትልቁ መስታወት ፊት ቆማለች። ጭብጧን ካፖርቱ ጫፍ ላይ ጫን አድርጋ ጨርቁን ወጥራዋለች፤ በግራ እጇ ቁልፉን ወደ ቀዳዳው። ምላሷ ወጥቷል። አንደኛው ገባ። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛው ሲያመልጣት «አንተ! አርፈህ ግባ!» ብላ ተቆጣችው፤ ድምፁ ቁርጥ የኔ። አራተኛው፣ አገጯ ሥር ያለው፣ ሳታየው በዳሰሳ ገባ። መስታወቱን አየችና «እሰይ የኔ ጎበዝ» አለች፤ ለራሷ።

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ለካ ፊዚዮዋም ከኋላዬ ቆማ ታያለች። በሩን ገፋ አደረግኩ። ድንቢጥ ስትሰማኝ ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ? ቶሎ ቶሎ፣ አራቱንም ቁልፍ ፈታቻቸው። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ቀኝ ክርኗን ከፍ አድርጋ፣ ከሥሩ ቦታ ትታ ጠበቀችኝ።

«ለምን ፈታሽው?» አልኳት።

«አንቺ መጣሻ።»

«ብመጣስ? ቆልፈሽው አልነበር እንዴ?»

ግራ ገብቷት አየችኝ። «እጅሽን የት ታደርጊዋለሽ ታዲያ?» አለች።

መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ የደገፍኳት ሲመስለኝ፣ ይቺ ጭብጥ የማታክል ልጅ የኔን እጅ ተሸክማ ኖራለች። ቁልፍ ከመቆለፍ እኔን ማስከፋት ነው የከበዳት። ይህን ማን አስተማራት? እኔ ነኛ፣ ሌላ ማን አለ። ፊዚዮዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ደህና የተሰቀሉትን ድጋፎች አውርዳ መልሳ ትሰቅላለች።

«ኪሴ ውስጥ አደርገዋለሁ» አልኳት።

መጥታ ኪሴን ከፍታ አጎንብሳ አየች። «ይሞቃል?»

«ይሞቃል።»

«እሺ» አለችና እንደገና ጀመረች። እጄ ኪሴ ውስጥ ላብ በላብ ሆነ። ሦስተኛው ቁልፍ ሁለቴ አመለጣት፤ አፈር ስሆን፣ ክንዴ በራሱ ሊወጣ ነበር። ይዤው ቆየሁ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ እንጃ፤ ውጪ መኪናው ሁሉ ቀስ ብሎ የሚሄድ መሰለኝ። ጨረሰች። ከፊቴ ከፊቴ እየሄደች ወጣን። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከመጀመሯ በፊት «ኪስሽ ውስጥ ነው?» ብላ ትጠይቀኛለች።

እህቴ፣ ፈርቼ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች አደራ ብለሽኝ ስትሄጂ፣ ቤቴ በር ላይ አንድ ማንጠልጠያ ነበር። ለእሷ ዝቅ አድርጌ ሌላ መታሁ። ከሥራ ስንመለስ ሁለቱ ካፖርት ላይና ታች ተሰቅለው ሳይ ሆዴ ይረጋል። ከዚህ በላይ ምክንያት የለኝም። አንድ ዓመትሽን ወሰድኩብሽ። ይቅር በይኝ። ብትቆጪ ተቆጪ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዝጊው፤ ግን ለአንድ ቀን ይሁን፣ በማግስቱ ደውይ።

ቅጹ ተሞልቷል። ሦስቱም «በራሷ»። የኔን እጅ ብቻ እንዳያምኑ ፊዚዮዋንም አስፈርሜያታለሁ፤ ደስ ብሏት ነው የፈረመችው፣ የታባቷ። ሐሳቤን እንዳልቀይር ደግሞ ዛሬ ጠዋት በኢሜይል ለትምህርት ቤቱ ልኬዋለሁ። ዋናው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው።

አሁን ስሚኝ። ቀኝ እጇን ጎትተሽ እንዳትከፍቺባት፤ ማታ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንከራት፣ በራሷ ትፈታለች። የምትበላበትን ማንኪያ እልክልሻለሁ፤ ሌላ ብትሰጫት ትወረውርልሻለች። ስትዋሽ ጆሮዋን ትነካለች። ጠዋት ሃያ ደቂቃ ቀድመሽ ተነሺ፣ ካፖርቱን ስትቆልፍ እንዳትቸኩዪባት። ይረፍድብሽ። እኔን ያየ ይቀጣ፤ እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺው።

እግሬን ረስቼው ቆሟል ለካ፤ እሜቴ ዓይኗን ከፍታ ታየኛለች። ተዓምር ነው፣ አልጮኸችም። ድንቢጥም ነቅታ መጥታ ትከሻዬ ላይ ተደግፋለች።

«ለማን ነው?»

«ለእማ።»

«ምን አልሻት?»

«ካፖርትሽን ብቻሽን እንደምትቆልፊ።»

አሰብ አደረገችና እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች። ከታች ያለው ጠማማ መስመር የእሷ ነው። አልነካኋትም።

ፈጣሪ የምታቅፊያትን ቀን ያቅርብልሽ። ሳልሽን ያርግፍልሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ባዶ አልጋ የምታይበት ዓመት ይህ የመጨረሻው ይሁን።

ታላቅሽ
እትዬ

ልረሳው፦ የላክሽላት ቀዩ ካፖርት አጥሯታል። እጅጌውን ሁለቴ አስረዝሜዋለሁ፣ ከእንግዲህ የሚለቀቅ ጨርቅ የለውም። ሌላ እንዳትልኪ። እዚያው፣ እሷን ይዘሽ ሱቅ ገብተሽ፣ እያስለካሻት ግዢላት። ዚፕ እንዳይሆን፤ ቁልፍ ያለው።