አባባ ዝም ያሉበት ፊልም

ለወንድሜ ለደምለው፦ ያለህበት ከተማ እንዴት ይዞሃል? እኔም አባባም፣ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ደብረ ማርቆስ ደህና ነን።

ያን የምወደውን ፊልም ትናንት ከአባባ ጋር ደግሜ አየሁት። አባትየው ልጁን አውቶቡስ አሳፍሮ፣ እንባውን እንዳታይ ጀርባውን ሲሰጣት፣ አባባ እኔን ዩኒቨርሲቲ የሸኙኝ ቀን ነው ትዝ የሚለኝ። ልጅቷ በአጭር ቀሚስ ብቅ ስትል፣ እንደ ወትሯቸው «ምነው፣ ከቤታቸው ነጠላ ጠፋ?» ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ዝም አሉ። ቆይተው «ሔዋንዬ፣ አሁን ፊልሙ ላይ ብቅ ያለው ማን ነው?» አሉኝ።

ባሕር ዳር ሥራ አግኝቻለሁ፤ ሰኞ ጀምሪ ብለውኛል። አባባ «ሂጂ እንጂ፣ እኔ ምን ሆኜ!» ብለው ሻንጣዬን ሊያነሡልኝ ተነሡ። ሻንጣው በሩ ሥር ነው፤ እሳቸው ግን ወደ አልጋው ዞረው በእጃቸው ሲዳብሱ ሳይ አቀበልኋቸው።

ከሰኞ በፊት ብቅ ብትል ደስ ይለናል። በደህና ያገናኘን።

እህትህ ሔዋን