ፂም ስላበቀለው ድንች

ህዳር 19 ቀን
ለማሳ ድርሻ ፕሮግራም ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው ለአቶ እንዳልካቸው
ጎንደር

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልሁ፣ ወገብዎ ከወንበርዎ፣ ማኅተምዎም ከቀለሙ ጋር ተስማምተው እንዲኖሩ ከልብ እመኛለሁ። እኔ አራዳ ውስጥ ስልክ የምጠግን፣ ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ ያቆምሁ (ትምህርቱ ነው ያቆመው የሚሉም አሉ)፣ ኢዮስያስ ዳኛው የተባልሁ የፕሮግራማችሁ ተጠቃሚ ነኝ።

የምጽፍልዎ ከባድ ዜና ስላለኝ ነው። ቢቀመጡ ይሻል ነበር፤ መቼም ተቀምጠዋል። ባለፈው ጥቅምት ወር በሁለተኛው ቅዳሜ፣ በአራዳ በሚገኙ ሠላሳ ሁለት ቤቶች ውስጥ ድንች ተቀቅሎ ተበልቷል። በድርጊቱ ጨውና ሚጥሚጣ ተባባሪ ነበሩ። የተረፈው እጅግ ጥቂት ነው።

ይህን እንደ ተራ ቀልድ እንዳያዩብኝ፣ አባል መሆናችን ያስገኘልንን ጥቅም ራሳችሁ በበተናችሁት ወረቀት ተራ ቁጥር እያስከተልሁ ላስረዳዎ።

አንደኛ፤ ወረቀቱ «ገበሬዎን በስም ያውቁታል» ይላል። እውነት ነው፤ እናመሰግናለን። ግንቦት ላይ የዓመቱን ድርሻ አስቀድመን ከፍለን እንደተመዘገብን በመኪና ጭናችሁ ትክል ድንጋይ ገጠር ወሰዳችሁንና ከአያ ዋኘው ጋር አስተዋወቃችሁን። ለሠላሳ ሁለት ቤት ጎመንና ካሮት፣ ድንችም የሚያበቅሉልን እሳቸው ናቸው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ጎረቤታችን ከማሳው መካከል ቆመው ድንቹ የትኛው ጋ እንዳለ ቢጠይቁ፣ አያ ዋኘው ፊታቸውን ሳያፈቱ «እግርዎ ሥር ተኝቷል ጌታው፤ እንዳይቀሰቅሱት ቀስ ብለው ይርገጡ» አሏቸው። ከእኔ የባሰ ቀልደኛ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ወዲያው ወደድኋቸው።

ሁለተኛ፤ «ትኩስና ወቅቱን የጠበቀ ምርት ደጅዎ ድረስ ይመጣል» ይላል። ይሄም አልታጣም። ሐምሌን ጎመን በላን፤ ነሐሴንም ጎመን በላን፤ ፍልሰታ ስለነበር ማንም ቅር አላለውም። ሆስፒታል ልብስ እጥበት ክፍል የምትሠራው እናቴ ሐረገወይን ቅርጫቱ የሚመጣበትን ቅዳሜ እንደ ንግሥ ቀን ነበር የምትጠብቀው።

ሦስተኛው ላይ ግን ትንሽ እንድንቆይ ይፍቀዱልኝ። «አባላት ከገበሬው ጋር በረከቱንም ጉዳቱንም ይካፈላሉ» ይላል። በረከቱን ስንካፈል ማንም አልተቸገረም። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የወረደው በረዶ ግን የአያ ዋኘውን ማሳ በአንድ ቀትር አስተኛው፤ ጎመኑ ወንፊት ሆነ፣ ካሮቱና ድንቹም በስብሰው ቀሩ። እኛ ይህን ያን ጊዜ አልሰማንም። የሰማው የተከበረው ጽሕፈት ቤታችሁ ነው። ሰምቶም ጉዳቱን ለእኛ ከማካፈል ይልቅ፣ የሪፖርት ወቅት ነበርና፣ ለአያ ዋኘው ሦስት ጊዜ ስልክ ደውሎ የአባላት ቅርጫት ባዶውን መሄድ እንደሌለበት በትሕትና አሳሰባቸው። እኛ ጉዳት የሚባለውን እንዳናይ ስለተጨነቃችሁልን ምስጋናችን ወሰን የለውም።

ከሦስተኛው ስልክ በኋላ ነው እንግዲህ ያ ድንች የመጣው። ትንንሽ ነው፣ አረንጓዴ ጀምሮታል፣ ከየዓይኑም ነጭ ነጭ ቡቃያ አውጥቷል።

አራተኛው ጥቅም «አስተያየትዎ ይደመጣል» የሚለው ነው። ክቡር ሆይ፤ የእኔን ያህል የተደመጠ ሰው ጎንደር ውስጥ የለም። የአስተያየት ቅጹ ላይ «ድንቹ ፂም አብቅሎ መጥቷል፤ እኛ ያዘዝነው ድንች እንጂ ሽማግሌ አይደለም» ብዬ ጻፍሁና ለጎረቤቶቼ አነበብሁላቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ቤት ያንኑ ቃል በቃል ጽፎ አስገባ። እኛ የጻፍነው ለሳቅ ነበር። እናንተ ግን ቁም ነገረኞች ስለሆናችሁ አሥራ አንዱን ቅጽ አሥራ አንድ ጥፋት አድርጋችሁ ቆጥራችሁ፣ ሳምንት ሳይሞላ «ፂም ያለው ምርት በተደጋጋሚ በማቅረብዎ ከፕሮግራሙ ተሰናብተዋል» የሚል ደብዳቤ ለአያ ዋኘው ላካችሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስቀልድ፣ ቀልዴ ማኅተም ተደርጎበት ሲወጣ ገና አሁን አየሁ።

በዚሁ ሰሞን እናቴ ከሥራ ስትመለስ ቅርጫቱ ሥር የቀሩትን አራት አምስት ድንቾች አገኘች። አንዱን አንስታ እያገላበጠች «ይህን ነው የበላችሁት?» አለችኝ። ሁለት ሰሃን እንደበላሁ እየሳቅሁ ነገርኋት። «አንተ የማትረባ! የዘር ድንች እኮ ነው!» አለች፤ የቀሩትንም በነጠላዋ ጠቅልላ አስቀመጠች። ላይ አርማጭሆ ተወልዳ ያደገች ናትና፣ ዘሩን የሚልክ ገበሬ ሌላ የሚልከው እንዳለቀበት ለማወቅ ሪፖርት አያስፈልጋትም።

በማግስቱ ሠላሳ ሁለቱንም ቤት አንኳኳሁ። የተረፈውን ሁሉ ብለቅም አንድ ፌስታል አልሞላልኝም፤ እሱን ይዤ ትክል ድንጋይ ሄድሁ። አያ ዋኘው የስንብት ደብዳቤያችሁን ጎረቤት አንብቦላቸው አጥፈው አስቀምጠውታል። ስለ ፂሙ ማን እንደጻፈ ነገርኋቸው። «ምነው ልጄ፣ ለዚህ ብለህ ነው ይህን ሁሉ መንገድ?» አሉኝና «ለመሆኑ ሸጋ ሁኖ በሰለላችሁ? የዘር ድንች እሳት ቶሎ አይገባውም ብዬ ሰግቼ ነበር» ብለው ጠየቁኝ። ክቡር ሆይ፤ እርስዎ ይህን ጥያቄ ቢጠየቁ ምን ብለው እንደሚመልሱ በጽሑፍ ቢያሳውቁኝ ውለታዎን አልረሳም።

በሰፈራቸው የመስኖውን ውሃ በተራ የሚያካፍሉት የውሃ አባት የሚባሉ ሰው አሉ። እስከ ህዳር ሚካኤል ማሳው ዘር ያልያዘለት ሰው ተራው ለሌላ ይሰጥበታል። በያዝሁት ፌስታል ሁለት ትልም ተከልን። የውሃ አባቱም ደግ ሰው ናቸውና ለሁለት ትልም የሚበቃ ውሃ ፈቀዱ፤ የቀረው ተራ ዘር ላለው ጎረቤት ሄደ። የቀረውን መሬት አያ ዋኘው ለዚሁ ጎረቤት ምርቱን ሊካፈሉ የእኩል ሰጥተውታል፤ አሁን በገዛ ማሳቸው ላይ የሰው ድንች ይኮተኩታሉ። ኩትኳቷቸውን አይቻለሁ፤ እንደ ራሳቸው ነው የሚኮተኩቱት።

ወረቀቱ አምስተኛም ስድስተኛም ጥቅም አለው፤ እነሱን ለአዲስ አባላት ትቼአለሁ። የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የስንብቱን ደብዳቤ አንሱላቸው፤ ለሚቀጥለው ተከላም ከዓመቱ ድርሻችን ላይ ዘር ግዙላቸው።

ደግሞ ሳስበው፣ ሲጀመር ከባድ ዜና ማለቴ ማጋነን ነው። የሞተ ሰው የለም። ከተማውም እንዳለ አለ። ነገሩ ሁለት ጆንያ ድንች ነው፤ ለሠላሳ ሁለት ቤት የአንድ ቀን ምሳ። ትንሽ ነገር ነው፤ ስላስቸገርሁዎ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ጎንበስ ብዬ፣ ከዚያም ዝቅ ብዬ፣ ድንች እስከሚተከልበት ድረስ ወርጄ እጅ እየነሳሁ፣
የጽሕፈት ቤታችሁ እጅግ የተደመጠ አስተያየት ሰጪ
ኢዮስያስ ዳኛው

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴ የቀረ ድርሻዋ ለአያ ዋኘው ዘር መግዣ እንዲውል ብታመለክት፣ ቅጹ «ተቀብያለሁ» እና «ቅሬታ አለኝ» የሚሉ ሳጥኖች እንጂ «ለገበሬው ይሰጥ» የሚል ሳጥን ስለሌለው ማስተናገድ አንችልም ተብላ ተመልሳለች። የጎደለውን ሳጥን እኔ በእስክሪብቶ ስዬ፣ የራይትም ምልክት አድርጌበት ከዚህ ጋር አያይዤአለሁ። መስመሩ ትንሽ ተጣሟል፤ ለዚህም እንደማታሰናብቱኝ ተስፋ አደርጋለሁ።